«ሻሉሞ»፦ ስለ አንድ የፈረንሳይኛ ቃል ፍችና አመጣጥ

አንድ ተማሪዬ የፈረንሳይኛ የእረኞች ግጥም ወደ አማርኛ መልሶ ሲያቀርብልኝ «ሻሉሞ» የተባለውን ቃል «መቃ» ብሎት አገኘሁ። መዝገበ ቃላቱ «የእረኛ ትንሽ ዋሽንት» ስለሚል፣ በቀይ ሰርዤ «ዋሽንት» ብዬ አረምኩት። ተማሪው አልተከራከረኝም። የቃሉን ሥር አስቀድሜ መርምሬ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር።

ሻሉሞ የመጣው በኋለኛው ዘመን ላቲን «ትንሽ ሸምበቆ» ከሚለው «ካላሜሉስ» ነው። የዚህ አባት «ካላሙስ»፣ አያቱ ደግሞ የግሪኩ «ካላሞስ» ነው። በጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ሻለሜል» ይባል ነበር። የኖርማንዲ ዘዬ የላቲኑን «ካ» ሳይለውጥ በመያዙ «ካሉሜ» የሚለውን ወንድም ቃል አስገኝቷል፤ እርሱም የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ረጅም የትንባሆ ማጨሻ መጠሪያ ሆኗል። ሻሉሞ ራሱ ዛሬ መጠጥ የሚመጠጥበት ቀሰምም፣ ብረት በያጅ የሚይዘው የእሳት መትፊያም ነው።

መሣሪያውም ቢሆን ዋሽንት አይደለም። ዋሽንት የሚጮኸው እስትንፋስ የአፉን ጠርዝ ሲመታ ነው፤ ሻሉሞ ግን የሚርገበገብ ምላስ አለው። የኑረንበርጉ ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር በ1700 እ.ኤ.አ. ገደማ ይህንኑ አሻሽሎ ክላሪኔትን እንደ ሠራ ይነገርለታል፤ የክላሪኔት ወፍራም ድምፅ ዛሬም ሻሉሞ ይባላል።

ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች የሚበልጠው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ካላሙስ በላቲን ሸምበቆም፣ እረኛ የሚነፋውም፣ ጸሐፊ የሚጽፍበትም ነው። ቨርጂል በእረኞች ግጥሞቹ በፊተኛው ፍች፣ ሆራስ «የግጥም ጥበብ» በተባለው ድርሰቱ በኋለኛው ተጠቅመውበታል። ላቲን የሚያውቅ አንባቢ የእረኛውን ሻሉሞ ሲሰማ የባለቅኔው ብዕር ትዝ ቢለው አያስደንቅም። «ዋሽንት» ይህን ዝምድና ይቆርጠዋል።

የሚገርመው፣ ዝምድናው በእኛም ቤት መኖሩ ነው። «ቀለም» ምንጩ ያው ካላሞስ ነው፤ በዓረብኛ ብዕር ማለት ሆኖ ሲቀር፣ በእኛ ዘንድ ብዕሩ የሚነከርበት ፈሳሽ ስሙን ወረሰ። የግዕዙ «ብርዕም» አገዳም መጻፊያም ነው፤ አማርኛ ፊደሎቹን አቀያይሮ «ብዕር» አለው። ቁም ጸሐፊዎቻችንም ብዕራቸውን ከመቃ ይቀርጹ ነበር፤ ዛሬም የሚቀርጹ አሉ።

እርግጥ «መቃ» ብቻውን ቢቀመጥ አንባቢው የሚነፋ ነገር መሆኑን ላይረዳ ይችላል፤ ስለዚህ «መቃውን ነፋ» ቢባል እመርጣለሁ። ተማሪው ተመርቆ ሄዷል። ረቂቁ ግን እኔ ዘንድ ስለ ቀረ፣ በቀይ የጻፍኩትን ሰርዤ የእርሱን ቃል መልሼበታለሁ።