ከትእዛዝ የሚሸሹ ሕፃናት፦ ምልክቶቹን መለየትና ቤተሰቡን መደገፍ

መግቢያ

በሕፃናት የተመላላሽ ሕክምና ክፍል የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች «ልጄ እምቢ ብሎ አስቸገረኝ» የሚል ወላጅ ሳናይ የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። እምቢታ የሕፃን እድገት አንዱ ክፍል በመሆኑ ለአብዛኛዎቹ ምክርና ጊዜ ይበቃቸዋል። ጥቂቶቹ ግን ይለያሉ። ጫማ እንደ ማድረግ ወይም ፊት እንደ መታጠብ ያለውን ተራ የዕለት ጥያቄ እንኳ እንደ አደጋ ቆጥረው ይሸሹታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጠባይ እንዴት መለየት እንደሚቻልና ልጁንም ቤተሰቡንም በምን መንገድ መርዳት እንደሚገባ ማስገንዘብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የስምንት ዓመት ወንድ ልጃቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። ልጁ ንግግሩ የጠራና ተጫዋች ነበር። ሁለት ትምህርት ቤት ቀይሯል፤ በቀበቶ ተቀጥቷል፤ ጠበልም ተወስዷል። «ኳስ በጣም ይወዳል ዶክተር፤ እንሂድ ስለው ግን አልጋ ሥር ይገባል» አሉኝ። እኔም «ና፣ አልጋው ላይ ውጣ» ባልኩት ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ልጁ ጮኸ፤ ምርመራውም ሳይደረግ ቀረ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ለራሴ እንደምናገር ሁሉ «የማን ልብ ይፈጥን ይሆን? የእናቱ ወይስ የእኔ?» አልኩ። ልጁ ማዳመጫውን አንሥቶ ሁለታችንንም አዳመጠ፤ ቀጥሎም ደረቱን እንዳዳምጥ ፈቀደልኝ። የሸሸው ምርመራውን ሳይሆን ትእዛዙን እንደ ነበር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ምንነቱ

ይህን ጠባይ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለይታ በመግለጽ ፓቶሎጂካል ዲማንድ አቮይዳንስ፣ በአጭሩ ፒዲኤ፣ የሚል ስያሜ የሰጠችው በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሠራችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤልሳቤጥ ኒውሰን ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጽሑፍ ራሱን የቻለ ችግር ተደርጎ እንዲታይ ተከራክራለች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ዲኤስኤም-5ም ሆነ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አይሲዲ-11 ውስጥ ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ አልተመዘገበም። ብዙ ባለሙያዎች በአንዳንድ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የሚታይ የጠባይ ገጽታ አድርገው ይመለከቱታል። ስለዚህ በካርድ ላይ የምንጽፈው አዲስ የበሽታ ስም ሳይሆን የምናየውን ጠባይ መግለጫ ቢሆን ይመረጣል። የብዙዎቹ ተመራማሪዎች ግንዛቤ ከእምቢታው በስተጀርባ ጭንቀትና ያልታወቀን ነገር መፍራት አለ የሚል ነው።

ምልክቶቹ

ቀጥሎ ያሉት በብዛት አብረው ሲገኙና ለረዥም ጊዜ ሲቆዩ ልንጠረጥር ይገባል።
1. ልጁ የሚወደውንና ራሱ ያቀደውን ነገር ጭምር ይሸሻል።
2. በግልጽ እምቢ ከማለት ይልቅ ወሬ ይቀይራል፣ ሰበብ ይደረድራል፣ «እግሬ አልታዘዝ አለኝ» ይላል ወይም እንደ እንስሳ ሆኖ ይጫወታል።
3. ግፊቱ ሲበረታ በድንገት ይጮኻል፣ ይማታል ወይም ይሸሻል፤ በኋላም ይጸጸታል።
4. ስሜቱ በፍጥነት ይለዋወጣል፤ ነገሮችን ሁሉ በራሱ ቁጥጥር ሥር ማድረግ ይፈልጋል።
5. በትምህርት ቤት ጸጥ ብሎ ውሎ ቤት ሲገባ የሚፈነዳም አለ። ስለዚህ የመምህሩ «ደህና ነው» ማለት የወላጅን ቃል አያስተባብልም።

ከሌሎች ችግሮች መለየት

በቅድሚያ የመስማት ችግር፣ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ሕመም የሚያስከትሉ በሽታዎችና የእንቅልፍ መታወክ መኖር አለመኖራቸው ይመርመር። ልጁ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ድብደባ ወይም ጥቃት ደርሶበት እንደ ሆነ ለብቻው በጥንቃቄ ይጠየቅ፤ የፈራ ልጅም ይሸሻልና። ከተለመደው የእምቢተኝነት ችግር ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ «እምቢታው በማን ላይ ነው?» የሚለው ነው። በዚያኛው ግጭቱ የሚበዛው ሥልጣን ካላቸው አዋቂዎች ጋር ሲሆን፣ በዚህኛው ግን ልጁ ከእኩዮቹና ከራሱ ፍላጎት እንኳ ይሸሻል።

ድጋፉ

ለዚህ ጠባይ ተለይቶ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፤ ከዚህ በታች ያሉት ምክሮችም በአብዛኛው ከወላጆችና ከባለሙያዎች ልምድ የተገኙ ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ጥያቄዎችን መቀነስ። ወላጆች የዕለቱን ትእዛዛት እንዲጽፉና የማይታለፉትን እንዲለዩ እንርዳቸው። እሳት፣ መኪናና መድኃኒት አይታለፉም፤ ሹራቡ ተገልብጦ መለበሱ ግን ሊታለፍ ይችላል።

ሁለተኛ፣ አነጋገርን መለወጥ። «ልበስ!» ከማለት «ቀዩ ይሻላል ወይስ ሰማያዊው?» ወይም «ይህን ቁልፍ እኔ ልቆልፈው እችል ይሆን?» ማለት ይቀላል። ሽልማትና የበዛ ሙገሳም ለአንዳንዱ ልጅ ሌላ ግፊት ነው።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ የሚወስድበትን ቦታና የሚጠጣበትን ኩባያ እንዲመርጥ ማድረግ። ሳያውቅ በምግብ ደብቆ መስጠት ሲደረስበት እምነቱን ያጠፋል።

አራተኛ፣ በፍንዳታው ጊዜ ንግግር መቀነስ፣ ተመልካች ማራቅና ከጉዳት መጠበቅ። ምክር የሚሰጠው ሁሉም ከተረጋጋ በኋላ ነው።

አምስተኛ፣ ለመምህሩ አጭር ማብራሪያ መጻፍ። ልጁ የሚያምነው አንድ ሰውና ሲጨነቅ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ ብዙ ይረዳሉ።

ልጁ ራሱን የሚጎዳ፣ ምግብ የሚተው ወይም ቀድሞ የነበረውን ችሎታ የሚያጣ ከሆነ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሳይዘገይ ይላክ። የኦቲዝም ምልክት ላላቸውም፣ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2002 በወ/ሮ ዘሚ የኑስ እንደ ተቋቋመው ጆይ ያሉ ማዕከላት መኖራቸውን ለወላጆች መንገር ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይባላል። ከላይ የጠቀስኩት ልጅ ግን ተቀጥቷል፤ ቅጣቱ የጨመረለት ፍርሃት ብቻ ነበር። እናቱም «አሳዳጊ የበደለው» የሚለውን የጎረቤት ወቀሳ ለብቻቸው ተሸክመው ኖረዋል። ስለዚህ ከምርመራው ሁሉ አስቀድሞ ወላጅን «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ልጁም ባለጌ አይደለም» ማለት ተገቢ ነው። ይህ ቃል ምንም ወጪ የለውም፤ በማንኛውም ጤና ጣቢያም ሊሰጥ ይችላል።