ከፋብሪካው ለምን ይለቃሉ?

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ እስከ 60 ሺህ ሰው እንዲቀጥር ታስቦ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ሪፖርት ግን አስገራሚ ነገር ይዞ መጣ፦ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሠራተኛው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ይቀያየር ነበር።

«የፋብሪካ ሥራ ስላልለመዱ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ለእኔ አይዋጥልኝም። ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለይተው ተከታትለዋል። ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀቁ። ሥራው ገቢያቸውን አላሳደገም፤ ለጤና ችግር ግን አጋልጧቸዋል። ታዲያ መልቀቃቸው ምኑ ይገርማል? ከሲዳማ ገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ የምትኖር ልጅ የቤት ኪራይና ምግብ ከፍላ የሚተርፋትን ታውቃለች።

ስለዚህ ደመወዙ ይቅደም። ቀጥሎ የሚመጣው አለቃ ሠራተኛን የሚያናግርበት መንገድ ነው፤ እዚህ ላይ በጣም የምወደውን ነገር ልንገራችሁ።

ለውጭ ገበያ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ መርፌ ሲሰበር ማሽኑ ይቆማል። ስብርባሪው ተለቅሞ ይገጣጠማል፤ ምንም እንዳልጎደለ ሲረጋገጥ መዝገብ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ስባሪ ከቀረች እኮ የሕፃን ልብስ ውስጥ ተሰፍታ ልትሄድ ትችላለች!

አሁን ሱፐርቫይዘሩ ታርጌት ሲጎድል የሚጮህ ሰው ነው እንበል። ልጅቷ መርፌው ተሰበረ ብላ ትናገራለች? በፓርኩ የመጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ብዙዎቹ ተቆጣጣሪዎች ከውጭ የመጡ ስለነበሩ፣ ለመናገር ብትፈልግ እንኳ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ከዚያው መስመር ያደገች፣ ሲዳምኛ የምትናገር፣ ሰው ፊት ሳታዋርድ ማረም የተማረች ኃላፊ ብትኖር ግን ልጅቷ እጇን ታነሣለች፤ ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል፤ ልብሱም ይድናል።

የልብስ ፋብሪካ የመጎብኘት ዕድል ካገኛችሁ ያንን መዝገብ አሳዩን በሉ። ለወራት ምንም ያልተለጠፈበት ከሆነ፣ ሠራተኞቹ ማንን እንደሚፈሩ ጠይቁ።