አስተርጓሚው በስልክ ሲሆን

በኮሎምበስ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች አስተርጓሚው ሁልጊዜ አጠገብዎ አይቀመጡም። ብዙ ጊዜ በስልክ ወይም በቪዲዮ ነው የሚገቡት፣ ምናልባትም ከሌላ ስቴት። ቢራራቁም ሐኪሙ፣ አስተርጓሚውና እርስዎ አብረው የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው።

በስልክ ያሉት አስተርጓሚ አያዩዎትም። «እዚህ ጋ ያመኛል» ብለው በእጅዎ ቢያሳዩ አይደርሳቸውም፤ «በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር» ይበሉ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ ወይም ቅንድብ አንስቶ «አዎ» ማለት ልማዳችን ነው፤ በስልክ ግን ዝምታ ይመስላል። በቃል ይመልሱ።

እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ሰዓትን ነው። ሐኪሙ 8 ኤ.ኤም. ሲሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። «ስምንት ሰዓት» ከሰሙ «በአበሻ ነው በፈረንጅ?» ብለው ይጠይቁ። ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው የስድስት ሰዓት ስህተት አደገኛ ነው።

ሐኪሙን እያዩ አጠር አጠር አድርገው ይናገሩ። መስመሩ ከተቆራረጠ ወይም አማርኛው ካልገባዎት ያስቁሟቸው፤ ነውር የለውም። ከመውጣትዎ በፊት መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ በራስዎ አነጋገር መልሰው ይንገሯቸው።

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ መነሻው በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅዎን ማስተርጎም አይችሉም። ቀጠሮ ሲይዙ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ማለት ይበቃል።