እንግሊዝኛና የተመራቂዎች ሥራ፦ የሚባለውና እውነታው

በኢትዮጵያ ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ ወጣቶች ጉዳይ ሲነሣ፣ ምክንያቱ የእንግሊዝኛ ድክመት ነው የሚለው አስተያየት ተደጋግሞ ይሰማል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ባንኮችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የቅጥር ማስታወቂያቸውን በእንግሊዝኛ ስለሚያወጡና በዚሁ ቋንቋ ስለሚፈትኑ፣ ቋንቋው ያልደረጀ አመልካች ገና ከጅምሩ ይቀራል። ይሁን እንጂ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ40 በላይ ሲደርስ፣ ተመራቂውን የሚቀበለው የሥራ መስክ በዚያው ፍጥነት አልሰፋም፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ከወረፋው ማን እንደሚቀድም ይወስናል እንጂ ወረፋውን አያሳጥርም። ለሥራ አጥነቱ ሁሉ ተመራቂውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ቋንቋውን ማወቁ አይቀርም የሚለውም ግምት ብዙዎችን ያሳስታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ፣ ማለትም ሌሎቹ ትምህርቶች የሚሰጡበት ቋንቋ፣ እንዲሆን ደንግጓል። በተግባር ግን በብዙ ክፍሎች መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሆኖ ማብራሪያው በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ሆነ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከተሰጡ አማራጮች መልስ የሚመረጥባቸው ናቸው። ተማሪው በዚህ መንገድ የሚያዳብረው የቋንቋ መምህራን የመቀበል ክህሎት የሚሉትን፣ ማለትም አንብቦና ሰምቶ መረዳትን ሲሆን፣ ራሱ አስቦ የመናገርና የመጻፍ ልምምዱ ግን እስከ መመረቂያ ጽሑፉ ድረስ እጅግ ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚጎዳው ደግሞ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ማለት የፈረንጅ አነጋገርና እንከን የለሽ ሰዋስው ነው የሚለው እምነት ነው። በአንድ የሕንፃ ግንባታ ላይ የተቀጠረ ጀማሪ መሐንዲስ ውሉንና የሥራ ዝርዝሩን በእንግሊዝኛ ያነባል፤ የተረዳውን ለፎርማኑና ለፌራዮው (ለብረት ሠራተኛው) በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል፤ ማታ ደግሞ የዕለት ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። የአርማታ ሙሌት በዝናብ ምክንያት ከተቋረጠ፣ ሪፖርቱ በስንት ሰዓት እንደቆመ፣ ምን ያህል እንደተሞላና ለምን እንደተቋረጠ መናገር አለበት፤ ይህ በግልጽ ካልሰፈረ ተቋራጩ በኋላ የጊዜ ማራዘሚያ ሲጠይቅ ማስረጃ ያጣል። እዚህ ላይ የሚፈለገው በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ሳያሻማ መጻፍ ነው፤ ለሠራተኛው በራሱ ቋንቋ የማስረዳት ችሎታም ከዚያ አያንስም።

ወላጆች መፍትሔውን ልጅን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ ማስተማር ውስጥ ይፈልጉታል። የካናዳው ምሁር ጂም ከሚንስ ግን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲያስረዳ እንደቆየው፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የዳበረ የማንበብና የማሰብ ችሎታ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይሸጋገራል፤ መሠረቱ ሳይጸና የተጀመረ እንግሊዝኛ ሁለቱንም ሊያዳክም ይችላል።

ስለዚህ ቀጣሪዎች አመልካችን በተሸመደደ ራስን የማስተዋወቅ ንግግር ከሚመዝኑ፣ ከሥራው የተወሰደ አንድ ደብዳቤ ወይም ሪፖርት አስጽፈው ይፈትኑ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም የእንግሊዝኛን ጽሑፍ ለመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ብቻ ሳይተዉ፣ በየሙያው ትምህርት ውስጥ ተማሪው በየሳምንቱ እንዲጽፍና እርማት እንዲያገኝ ያድርጉ።