የገና መዳረሻ፤ ለቤትም ለማሳም የሚበጅ የእጅ ሥራ

ጎንደር፤ ማራኪ —

የታኅሣሥ ወር በሰሜን ጎንደር ደጋ የአውድማ ወር ነው። ገብሱና ስንዴው ይወቃል፤ ጭዱ ይከመራል፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ ቤተሰቡ ማታ ማታ ምድጃ ዙሪያ ይሰበሰባል። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የሚጾመው የነቢያት ጾም የሚፈታው በገና ዕለት፣ ይኸውም ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን በመሆኑ፣ በእነዚህ ሳምንታት በገበሬው ቤት ሥራ የሚፈታ እጅ የለም። እናት ጥጥ ትፈትላለች፤ ልጃገረድ ወስፌዋን ይዛ ስፌት ትሰፋለች፤ አያት ለልጅ ልጆቻቸው የገና በትር የሚሆን ቆልመም ያለ እንጨት ይመርጣሉ።

ይህ ሥራ በየዓመቱ የሚታይ በመሆኑ ብዙ ጊዜ እንደ ቁም ነገር አይቆጠርም። ይሁን እንጂ የቤተሰቡ የበዓል ገንዘብ፣ የሴቶች ድካምና የማሳው ለምነት ሦስቱም የሚገናኙት እዚሁ ምድጃ ዙሪያ ነው። ለበዓሉ የሚነደው ማገዶ ከየት እንደሚመጣ፣ መሶቡ በምን ሣር እንደሚሰፋ፣ ሸክላው ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚወጣ መነጋገር ያለበት የገበሬ ማኅበሩ ነው። አስተዳደሩ ዛሬ ቀበሌ ተብሎ ቢጠራም ገበሬው በልማድ «ገበሬ ማኅበር» ማለቱን አልተወምና፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ይህንኑ መሪ ነው።

ስፌቱ ሣር ይፈልጋል

መሶብ፣ ሙዳይ፣ ሰፌድና እንቅብ የሚሰፉት ከአክርማ፣ ከስንደዶና ከመሳሰለው የሣር ዓይነት ነው። ሣሩ የሚገኘው የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ ሲሆን፣ ሴቶች ለቅመው፣ አድርቀውና የሚፈለገውን ያህል ቀለም ነክረው ያስቀምጡታል። በአለላ ያጌጠ መሶብ የብዙ ሳምንት ድካም ነው። በጎንደር ከተማ ማራኪን በመሰሉ ሠፈሮች የሚኖረው ቤተሰብ ለገና ማዕዱን አሳምሮ ማቅረብ ስለሚፈልግ፣ የበዓሉ መዳረሻ ገበያ ለሰፊዋ ደህና ጊዜ ነው። ከስፌቱ የሚገኘው ገንዘብ ለጨው፣ ለቡናና ለልጆች ልብስ የሚውል ነው። ይህን ገንዘብ ብዙ ጊዜ የምትይዘው እናት በመሆኗም ለቤት ጉዳይ ቶሎ ይደርሳል።

ችግሩ የሣሩ ነው። አክርማና ስንደዶ የሚበቅሉት በግጦሽ ዳር፣ በተረተርና ባልታረሰ መሬት ላይ ነው። ያ መሬት ሲታረስ ወይም ከብት ሳያርፍ ሲግጠው ሣሩ ይመነምናል፤ ሰፊዋም ርቃ ትሄዳለች ወይም ሥራውን ትተዋለች። በአንጻሩ ከልቅ ግጦሽ ተከልሎ ባገገመ ተዳፋት ላይ ሣሩ ተመልሶ ይበቅላል። ስለዚህ መሬት ሲከለል የከብት መኖ ብቻ ሳይሆን የስፌት ሣርም አብሮ ቢታሰብ፣ ሴቶችም ተራ ወጥቶላቸው እንዲለቅሙ ቢደረግ፣ የተከለለውን መሬት የሚጠብቅለት ተጨማሪ ባለጉዳይ ያገኛል። ሣሩ ከሥሩ ሳይነቀል መለቀም እንዳለበት ግን መስማማት ያስፈልጋል።

ፈትሉም እንደዚሁ ነው። ጥጡ የሚመጣው እንደ መተማና ቋራ ካለው ቆላ ነው። ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያም ለሸማኔ ይሰጣል። ሸማኔው ለገና የሚለበሰውን ጋቢና ነጠላ ያደርሳል። በደጋው ደግሞ የበግ ጠጉር ተባዝቶና ተፈትሎ ለብርድ የሚሆን ልብስ ይሠራበታል። እንዲህ ያለው ልብስ ሲያረጅ ይጠቀማል፤ ሲቀደድ ይጣፋል፤ በመጨረሻም አፈር ይሆናል እንጂ ሜዳ ላይ አይቀርም።

የሸክላ ሠሪዋ ድርሻ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲኬድ የወለቃ መንደር ይገኛል። መንደሩ በቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ሴቶችና ብረት ሠሪ ወንዶች ሲታወቅ የኖረ ነው። ከነዋሪዎቹ የሚበዙት በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ዘመን ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሸክላው ሙያ ግን በሌሎች ሴቶች እጅ ቀጥሏል።

የሸክላ ሠሪዋ ሥራ በቀላል አይገኝም። አፈሩን ቆፍራ ትሸከማለች፤ ታደርቃለች፤ ትወቅጣለች፤ ትነፋለች፤ አብኩታ በእጇ ትቀርጻለች። ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች፤ በመጨረሻም ትተኩሰዋለች። ገበሬው እንጀራ የሚበላበት ምጣድ፣ ወጥ የሚሠራበት ድስት፣ ጠላ የሚጠምቅበት ጋን ሁሉ በዚህች ሴት እጅ ያለፈ ነው።

ይህ ሆኖ ሳለ የእጅ ሙያተኛ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ሲሰደቡ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስድቡን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ደግሞ በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው የጾታ ልዩነት ሳይደረግበት መሬት እንዲደለደልለት ደነገገ። ቢያንስ በ800 ሄክታር መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ያደረገውም ይኸው አዋጅ ነው። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ንቀትን ከሰው ልብ የሚያወጣው ግን የዕለት ኑሮ ነው። የሸክላ አፈር የሚወጣበት ጉድጓድ ለእርሻ ሲደለደል ማንም ሸክላ ሠሪዋን ካልጠየቃት፣ ንቀቱ ገና አለ ማለት ነው።

ስለ ሸክላ ሲነገር እውነቱን መሸሽ አይገባም። የፕላስቲክ ጀሪካን እንስራን የተካው ቀላልና የማይሰበር ስለሆነ ነው። ውሃ ቀድታ ዳገት የምትወጣ ሴት ወደ ከባዱ እንስራ ትመለስ የሚል ሰው ሸክሙን ተሸክሞ አያውቅም። ነገር ግን ቤት ውስጥ ውሃ ለማቀዝቀዝ፣ ጠላ ለመጥመቅና ወጥ ለመሥራት ሸክላ ዛሬም ተመራጭ ነው። እንጀራም በመሶብ ሲቀመጥ ስለሚተነፍስ በላስቲክ እንደተጠቀለለው አያልበውም። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ዕቃ ለየትኛው ሥራ ይሻላል የሚለው ነው።

ፌስታል ግን ምንም ምክንያት አይገኝለትም። ከበዓል ገበያ ማግስት ሜዳ ላይ የሚበተነውን ፌስታል ከብት ሲበላው ሆዱ ውስጥ ተቋጥሮ ይገድለዋል። ስስ ፌስታልን የሚመለከት ክልከላ በ1999 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 513 የተደነገገ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጠበቅ ያለ አዲስ አዋጅ ጸድቋል። ወደ ገበያ ዘንቢል ይዞ መሄድ አዋጁን ማክበር ነው፤ በሬን ማዳንም ነው።

ኩበቱ ወደ ምድጃ ወይስ ወደ ማሳ?

ገና ሲደርስ የማገዶ ፍጆታ ይጨምራል። ጠላው፣ ድፎ ዳቦው፣ ዶሮ ወጡ፣ እንጀራው ሁሉ እሳት ይፈልጋል። ዛፍ በሳሳበት ደጋ የሚነደው በአብዛኛው ኩበት ነው። ኩበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይበናል፤ አፈሩን አለስልሶ ውሃ የሚያስይዘው ብስባሽም አብሮ ይጠፋል። ገበሬው በሌላ በኩል ከ100 ኪሎው 46 ኪሎው ናይትሮጅን የሆነውን ዩሪያ በውድ ዋጋ ይገዛል። በምድጃው ያቃጠለውን መልሶ በገንዘብ መግዛቱ ነው።

ያም ሆኖ ማገዶ የሌላትን እናት «ኩበት አታንጂ» ማለት ምክር አይሆንም። መጀመሪያ የሚነደውን መቀነስ ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ተሠርቶ የተሠራጨው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ፣ ምጣዱን ዙሪያውን ዘግቶ ሙቀቱን ስለሚይዝ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋገርበት ቤት በአራት ሳምንት ስምንት ጊዜ ይጋገርበታል። ማገዶው በግማሽ ከቀነሰ ስምንቱ ጋገራ በአራት ጋገራ ማገዶ ይፈጸማል ማለት ነው። ጭሱም ስለሚቀንስ የእናትና የሕፃናት ዓይንና ሳንባ ይድናል። ሲሚንቶ በማይገኝበት ቀበሌ ጭቃና ጭድ ተቦክቶ የሚሠራ የተዘጋ ምድጃም ከክፍት ጉልቻ ይሻላል። ሸክላ ሠሪዋ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ እጅ እንዳላት ልብ ይሏል።

የተረፈው ኩበት፣ ከአውድማ ከተጠረገው ገለባ፣ ከአመድና ከለምለም ቅጠል ጋር በጉድጓድ እየተነባበረ ውሃ ሲጠጣና ሲገለበጥ ኮምፖስት ይሆናል። በዚህ ወር የተጀመረ ጉድጓድ ሳይደርቅ ከተያዘ ለመጪው ክረምት ዘር ይደርሳል።

በትሩና ዛፉ

የገና ጨዋታ ከገበያ የሚገዛ ዕቃ አይፈልግም። በትሩ ከቆልማማ እንጨት ይሠራል፤ ሩሩም ከእንጨት ይጠረባል ወይም ከቆዳ ይጠቀለላል። ታላቁ ለታናሹ ሲጠርብ ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ብቻ ለበትር ተብሎ ለጋ ወይራ እንዳይቆረጥ፣ ከደረቀው ወይም ከተመለመለው ቅርንጫፍ እንዲወሰድ ልጆችን መምከር ይገባል።

በከተማ ደግሞ የገና ዛፍ እየተባለ ለጋ ጥድ የሚቆርጥ አለ። የአገር ጥድ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው። በብዙ አካባቢ ተመናምኖ የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። ከደጋው በላይ ያለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ፣ ከዚያ ለመውጣት እስከ 2017 ድረስ 21 ዓመት ፈጅቶበታል። የተራቆተ መሬት በአንድ ዓመት እንደማይመለስ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ለሁለት ቀን ጌጥ ጥድ ከመቁረጥ ይልቅ በግቢ ተተክሎ ያደገውን ማስጌጥ ይቻላል።

ከመሪው የሚጠበቀው

የማኅበር መሪዎች ከገና በፊት ባለው ስብሰባቸው ሊወስኑት የሚችሉት ብዙ ነው። የሸክላ አፈር ጉድጓዱን ከድልድል ውጭ ማድረግ፣ በተከለለው መሬት ለስፌት ሣር ተራ ማውጣት፣ ከሸክላ ሠሪዎች ጋር ተነጋግሮ ለጀማሪ ቤቶች ምድጃ ማሠራት፣ የሴቶቹን ስፌትና ሸክላ በአንድ ጭነት ወደ ጎንደር ገበያ ማድረስ ይቻላል። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሸክላ ሠሪዋንና ሰፊዋን ስብሰባው ላይ ጠርቶ መስማት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩን የምትፈትለዋ እናት ግን በስብሰባው ዳር ቆማ ከቀረች፣ የሚያብረው ግማሹ ድር ብቻ ነው።