ስለዚያ «3 በመቶ» ጥናት

ልደታ ቢሮዬ የሚመጡ ወጣቶች ሰሞኑን ደጋግመው «ዶክተር፣ ግቤን ከጻፍኩ ይሳካል አይደል?» ይሉኛል። መነሻው በየቪዲዮው የሚጠቀሰው የዬል ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1953 ከተመረቁት መካከል ግባቸውን የጻፉት 3 በመቶዎቹ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ከሌሎቹ ሁሉ ድምር የበለጠ ሀብት አፈሩ ይባላል።

እንዲህ ያለ ጥናት የለም። ዬል ራሱ ፈልጎ አጥቶታል።

የተጠናው ሌላ ነው።

1. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዊን ሎክና ጋሪ ሌተም እንዳሳዩት፣ ቁርጥ ያለና ፈተን የሚያደርግ ግብ «የቻልኩትን አደርጋለሁ» ከማለት ይበልጣል፤ ሰውየው ካመነበትና የት እንደደረሰ ከለካ ነው ታዲያ። ፈተን ያደርጋል ማለት ግን በአንዴ መዝለል አይደለም። የሯጩን የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ማራቶን እዩ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ.)፦ ለንደን 2002፣ 2:06:35። በርሊን 2006፣ 2:05:56። በርሊን 2007፣ 2:04:26፤ የዓለም ክብረ ወሰን። በ2008 እዚያው 2:03:59። የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ሰው እንኳ በአንዴ አልዘለለም።

2. ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ደግሞ ግባችሁን «መቼና የት» እንደምትፈጽሙት ወስኑ ይላል። «እቆጥባለሁ» ሳይሆን «ደመወዝ በገባ ቀን፣ ከቢሮ ሳልወጣ፣ 1,000 ብር ወደ ቁጠባ አዛውራለሁ»። እናቶቻችን ይህን በዕቁብ ጨርሰውታል፤ ቀኑ የታወቀ፣ መጠኑ የታወቀ፣ ዳኛውም የማይለቅ!

አንድ ነገር ልጨምር። ደመወዙን የቤት ኪራይ ለሚውጥበት ሰው «ግብህን ስላልጻፍክ ነው» ማለት ስድብ ነው። እሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ገቢ ነው።

ያሰባችሁትን ግብ ከነቀኑ ከታች ጻፉልኝ፤ ማታ ማታ እየገባሁ እመልሳለሁ። የግል ጉዳይ ከሆነ በውስጥ መስመር።