ለቤት ሠራተኞቻችን የሚገባ ምስጋና፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን

ለዘመን መለወጫና ለፋሲካ ለቤት ሠራተኛ አዲስ ልብስ መግዛት በከተሞቻችን የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ቤት ቀሚስና ነጠላ፥ ሌላው ጫማ፥ ሌላውም ጥቂት ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ይሰጣል። ልማዱ መልካም ነው፤ እንዲቀርም የምንሻ አይደለንም። ነገር ግን በዓመት ሁለት ቀን የሚሰጠው ልብስ የቀሩትን ቀኖች ዕዳ ሁሉ የሚከፍል የሚመስላቸው ቤተሰቦች ስላሉ፥ ስለዚሁ ነገር ጥቂት ልንናገር ወደድን።

አስቀድመን የበዓሉን ቀን ራሱን እንመልከት። በቅዳም ሥዑር በወጥ ቤት ያለው ሥራ ምን ያህል እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። ሽንኩርቱ ተልጦ በደቃቁ ይከተፋል፤ ሲቁላላም ሰዓታት ያልፋሉ። ዶሮው በ12 ብልት ተገንጥሎ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ሊጡ ከቀናት በፊት ተቦክቶ፥ አብሲት ተጥሎለት፥ እንጀራው ይጋገራል። ቤተሰቡ ነጭ ልብሱን ለብሶ ለትንሣኤው ሌሊት ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ድስቱን የሚጠብቅ ማን ነው? ተመልሶ ጾሙን ሲፈታስ መሶቡን የሚያቀርብ ማን ነው? ያችው ሠራተኛ ናት። 55ቱን ቀን እንደ እነርሱ ጾማለች፤ ያውም የምድጃው እሳት እየለበለባት። የትንሣኤውን ብሥራት ግን የምትሰማው በመስኮት በኩል ከሩቅ በሚመጣ የድምፅ ማጉያ ነው። እንግዲህ ከቀኖች ሁሉ አብልጣ የምትደክምበትን ቀን የእርሷ የምስጋና ቀን ነው ማለታችን የሚያስገርም አይደለምን?

ስለዚህ በክርስቲያን ቤት የመጀመሪያው ምስጋና ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበትን ጊዜ መስጠት ነው እንላለን። ከገጠር የመጣች ልጅ በወላጆቿ ቤት ሳለች የነፍስ አባት ነበራት፤ ሰንበትና የአጥቢያዋ ታቦት የሚነግሥበት ቀን ነበራት። ከተማ ገብታ በእኛ ቤት ከተቀጠረች በኋላ ግን ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ይቋረጣል። ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል 18 ሰዓት መጾምና ቅዳሴውን ከመጀመሪያው አንሥቶ ማስቀደስ ያስፈልጋል፤ ጧት ቁርስ የምታሰናዳ፥ ልጆችን የምታጥብ ሠራተኛ ይህን ከወዴት ታገኘዋለች? የቤቱ እመቤት ወይም ትልቋ ልጅ በየተራ አንድ እሑድ ቤት ብትቀር ግን ነገሩ ይቃናል። «የነፍስ አባትሽ ማን ናቸው?» ብሎ መጠየቅም ወጪ የለበትም። ከአንድ መሶብ እየበላን፥ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደርን ይህን ሳንጠይቃት ዓመታት ማለፋቸው ያሳዝናል።

ደመወዝን በተመለከተ ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ የድኃው ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ያዝዛል፤ ያዕቆብም በመልእክቱ 5ኛ ምዕራፍ የተከለከለ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ይናገራል። ይህን በቤተ ክርስቲያን የሰማ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ «ገንዘብሽን እኔ ላስቀምጥልሽ፤ ሲጠራቀም ትወስጂዋለሽ» ይላል። አሳቡ በጎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያለ ጽሑፍ የተጠራቀመ ገንዘብ በመለያያው ቀን ክርክር ያመጣል፤ ክርክሩንም ብዙ ጊዜ የሚረታው አሠሪው ነው። በዛሬው ጊዜ በስሟ የባንክ ደብተር ማውጣት ይቻላል። ቀኑን ሳያስተላልፉ በየወሩ በደብተሯ ማስገባት፥ ደብተሩንም በእጇ መተው፥ ከዐሥር የምስጋና ቃል ይበልጣል።

በ2012 ዓ.ም. በቤይሩት ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች አሠሪዎቻቸው ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ በቆንስላችን ደጃፍ አውርደዋቸው በሄዱ ጊዜ፥ እዚህ አገር ያላዘነ ቤት አልነበረም። ኀዘኑ ተገቢ ነበር። ሆኖም በዚያው ሰሞን በገዛ ጓዳው ያለችው ልጅ የስንት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላት የቈጠረ ስንት ሰው ይሆን?

ሕጉ ስለዚህ ነገር የሚለውን ማወቅ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር በአንድ ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ ሲናገር፥ ስለ ማደሪያው እንዲሁም ስለ ሥራና ስለ ዕረፍት ሰዓቱ ጤናውና ግብረ ገቡ እንዲጠበቅ አሠሪው ተገቢውን እንዲያደርግ ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለፋብሪካና ለድርጅት ሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ተከታታይ ዕረፍት፥ በመጀመሪያውም የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። የቤት ሠራተኛዋን ጉዳይ ግን በዚያ ሳይጠቀልል በሌላ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። በመሥሪያ ቤቱ 16ቱን ቀን ቈጥሮ የሚወስድ አባወራ በቤቱ ላለችው ሠራተኛ ስንት ቀን እንደሚገባት ለመወሰን የሌላ ሰው ምክር የሚያሻው አይመስለንም።

አሁን ወደ ቃል እንመለስ። በቋንቋችን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት ምስጋናም ጸሎትም ነው፤ እኔ የማልችለውን እርሱ ይክፈልልኝ ማለት ነውና። ይህንን ቃል መንገድ ላሳየን ለማናውቀው ሰው እንናገራለን፤ የእጅ ውኃ ለምታስታጥበን ልጅ ግን እንሰስታለን። እንግዶች መጥተው ወጡ ሲጣፍጣቸው ወደ እመቤቲቱ ዞረው «እጅሽ ይባረክ» ይላሉ። እርሷም ፈገግ ብላ ትቀበላለች፤ የሠራችው ደግሞ ከበሩ ጀርባ ሆና ትሰማለች። «የሠራችው እርሷ ናት፤ ምርቃቱም ለእርሷ ይሁን» ቢባል ከወጡ ምን ይጐድላል? ልጆችም ይህን ሲያዩ ይማራሉ። ገረድና አሽከር የሚሉት ቃላት ዛሬ እንደ ስድብ ስለሚቈጠሩ ከብዙ ሰው አፍ ወጥተዋል፤ ሆኖም የ7 ዓመት ልጅ እናቱን የምታህለውን ሴት «አንቺ፥ ጫማዬን አምጪ» ሲላት ወላጆቹ ዝም ካሉ፥ ቃሉ ቢወጣም መንፈሱ በቤቱ ተቀምጧል ማለት ነው።

በመጽሐፈ ሩት የምናነበው ቦዔዝ ባለጸጋ ሰው ነበር። ወደ እርሻው በመጣ ጊዜ ሠራተኞቹ ሰላምታ እስኪያቀርቡለት አልጠበቀም፤ አስቀድሞ እርሱ በእግዚአብሔር ስም ሰላም አላቸው። በምሳም ጊዜ የተጠበሰውን እሸት ለባዕዲቱ ሴት በራሱ እጅ ሰጣት። በዓል አልነበረም፤ የአዘቦት የመከር ቀን ነበር።

ስለ ሕመም ሳናነሣ አናልፍም። በማቴዎስ ወንጌል 8ኛ ምዕራፍ የተጻፈው የመቶ አለቃ ወደ ጌታችን የመጣው ስለ ብላቴናው ሕመም ሊለምን ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሠራተኛ ሳምንት ብትተኛ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ተሰጥቷት ወደ አገሯ የምትሸኝበት ጊዜ አለ። ዓመት ሙሉ ያገለገለች ሰው በታመመች በሳምንቷ ከወጣች፥ ለፋሲካ የተገዛላት ቀሚስ ምን ይላታል?

ስለ የማታ ትምህርትም አንዳንድ እመቤቶች «ከተማረች ትሄድብናለች» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ምናልባት ትሄዳለች። ግን በእኛ ቤት ዕድሜዋን እንድትፈጽም ማን ፈረደባት? ደብተርና እስክሪብቶ ገዝቶ በ11 ሰዓት ከሥራ የሚለቃት ቤት፥ በቈየችባቸው ዓመታት የታመነች ሠራተኛ እንደሚያገኝ ደጋግመን አይተናል። በሐምሌ ዝናብ በር ላይ ለሚያድረው ዘበኛ ትኩስ ሻይና ደረቅ ካፖርት ማሰብም ከዚሁ የሚቈጠር ነው።

የቀረን የጳጉሜን ነገር ነው። የወር ደመወዝ የሚታሰበው በ12ቱ ወራት ነው። 13ኛዋ ወር ግን 5 ቀን፥ በየ4 ዓመቱም 6 ቀን አላት፤ በብዙ ቤትም ያለ ክፍያ ታልፋለች። ቤቱ ለዘመን መለወጫ የሚጸዳው፥ መጋረጃው የሚታጠበው፥ ጠላው የሚጠመቀው ደግሞ በእነዚያው ቀኖች ነው። ለምሳሌ የወር ደመወዟ 3,000 ብር የሆነች ሠራተኛ ለ30 ቀን ቢታሰብላት በቀን 100 ብር ይደርሳታል፤ የጳጉሜን ሒሳቧም 500 ብር ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ዓመት ጳጉሜን ሲያልቅ ይህን ገንዘብ ቈጥሮ መስጠት ነው፤ በመስከረም 1 የሚሰጠው ቀሚስም ከዚህ ላይ አይቀነስም።